ያየሽውን መስክሪ

ደብረ ብርሃን
ታኅሣሥ 20 ቀን 2012 ዓ.ም.

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፣

   እናትሽ ለስንቅሽ ዳቦ ቆሎና በሶ አዘጋጅታለች፤ በዚህ ስታልፉ መኪናውን አስቁመሽ ሳትወስጂ እንዳትሄጂ ብላለች።

ጥር 2 እና 3፣ ቅዳሜና እሑድ፣ ከወፍ ተመልካቾች ክበባችሁ ጋር ወደ መንዝ ጓሳ እንደምትወጡ ስትነግሪኝ ልቤ በደስታ ሞላ። በስልክ ብዙ ልልሽ ፈልጌ ነበር፤ ነገር ግን የስልክ ምክር ከጆሮ አያልፍም። ደጋግመሽ እንድታነቢው ብዬ በወረቀት አስፍሬልሻለሁ። ጓሳ ያደግሁበት ደጋ ነው፤ ሥነ ሕይወት ደግሞ ጡረታ እስክወጣ ድረስ ያስተማርሁት ትምህርት ነው። ሁለቱንም ስለምወድ የምጽፍልሽን በጥሞና እንድትቀበይኝ እለምንሻለሁ።

የምነግርሽ ብዙ ቢመስልም ሥሩ አንድ ነው፦ ወደዚያ ተራራ እንደ ምስክር ውጪ። በአገራችን ምስክር የሚከበረው በቦታው ተገኝቶ በገዛ ዓይኑ ስላየ፣ ያየውንም ሳይጨምርና ሳይቀንስ ስለሚናገር ነው። ወፎች ሲበደሉ ከሳሽ ሆነው ሸንጎ አይቆሙም። መኖራቸውን፣ ብዛታቸውን፣ የት እንደሚያርፉና የት እንደሚፈለፍሉ የሚናገርላቸው ያየ ሰው ብቻ ነው። ያየ ሰው ከሌለ ሲጠፉም መጥፋታቸው አይታወቅም።

አስቀድመሽ የምትሄጂበትን ቦታ እወቂ። ከአዲስ አበባ ደብረ ብርሃን 130 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከዚህ ተነሥታችሁ ጣርማበር ትደርሳላችሁ፤ ዋናው መንገድ በዋሻው አልፎ ወደ ደብረ ሲና ሲወርድ፣ እናንተ ወደ መሐል ሜዳ በሚወስደው ትታጠፋላችሁ። የጓሳ ደጋ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር ከፍ ይላል፤ ስፋቱም 100 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በምሥራቅ በኩል ምድሩ ድንገት ተቆርጦ ወደ ቆላው ይወርዳል። ከደጋው ከሚመነጩት ጅረቶች ከፊሎቹ ወደ ዓባይ፣ ከፊሎቹ ወደ አዋሽ ይፈስሳሉ። ሜዳውን የሸፈነው ጓሳ የሚባለው ሣር ነው፤ ጅብራው በየቦታው ቀጥ ብሎ ቆሟል፤ በከፍታው ላይ አስታ አለ። ጭላዳ በመንጋ ሲግጥ፣ ቀይ ቀበሮ በመካከሉ እየተመላለሰ አይጥ ሲያድን ታያላችሁ።

ስለ ብርዱ እንዳትዘናጊ። ጥር ላይ ሰማዩ ጥርት ብሎ ይውላል፤ ቀን ፀሐዩ ቆዳ ይልጣል፤ ሌሊት ግን ቅዝቃዜው ከዜሮ በታች ይወርድና ጠዋት ሣሩ በውርጭ ነጭ ሆኖ ይታያል። የሱፍ ሹራብ፣ ጓንት፣ ጆሮ የሚሸፍን ቆብና ወፍራም ጋቢ ያዢ። ከበግ ጠጉር የሚሠራው የመንዝ ባና ከሁሉም ይበልጣል፤ አገሩ ላይ ከሚሸጡት ብትገዢ አንቺም ትሞቂያለሽ፣ ገንዘቡም የሠራው ሰው እጅ ይገባል። በዚያ ከፍታ አየሩ ስስ ስለሆነ በመጀመሪያው ቀን አትሩጪ፤ ውኃ ቶሎ ቶሎ ጠጪ። ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ከጠናብሽ ለመሪያችሁ ንገሪ፤ መድኃኒቱ ዝቅ ወዳለ ቦታ መውረድ ነው። ሕመምን ደብቆ መራመድ ጉብዝና እንዳይመስልሽ፤ አንድ ሰው ሲወድቅ የሁሉም ጉዞ ይሰናከላል።

አሁን ወደ ማየቱ ልምጣ። ብዙ ሰው ወፍ ለማየት እግርና ጥሩ ባይኖኩላር የሚበቃ ይመስለዋል። ከሁሉ የሚበልጠው ግን አንድ ቦታ ላይ ዝም ብሎ መቆየት ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ አንድ ጥናት በዚያው በጓሳ የተሠራ ነው። ቀይ ቀበሮ በጭላዳ መንጋ መካከል ሆኖ አይጥ ሲያድን ከመቶ 67 ጊዜ እንደሚሳካለት፣ ከመንጋው ውጭ ሲያድን ግን የሚሳካለት ከመቶ 25 ጊዜ ብቻ እንደሆነ አጥኚዎቹ አሳዩ። መንዝ ውስጥ ያደገ እረኛ ሁሉ ቀበሮና ጭላዳ ሳይጣሉ አብረው ሲውሉ አይቷል፤ አጥኚዎቹ የጨመሩት ቁጭ ብሎ የእያንዳንዱን አደን ውጤት መቁጠርን ነው። መሣሪያቸው ትዕግሥት ነበር። አንቺም ከጉዞው ቢያንስ አንዱን ሰዓት ሳትንቀሳቀሺ አሳልፊው። አንድ ጅረት ዳር ወይም አንድ የገደል አፋፍ ምረጪና ተቀመጪ። መጀመሪያ ባዶ የመሰለሽ ሜዳ ቀስ በቀስ በነዋሪዎቹ ሲሞላ ታያለሽ።

ለሰዓቱም ተጠንቀቂ። ጎሕ ሲቀድ፣ ከ12 ሰዓት በፊት ውጪ። ጋጋኖ የሚባለው ወፍ ከሚያድርበት ገደል እየጮኸ የሚነሣው ያን ጊዜ ነው፤ ድምፁን አንድ ጊዜ ከሰማሽው ዳግመኛ አይጠፋሽም። ከዚያ ወደ ጅረቱና ወደ ረግረጉ ውረጂ። በዓለም ላይ ከኢትዮጵያ ደጋ በቀር የትም የማይገኘው ክንፈ ሰማያዊ ዝይ እዚያ ነው። ሲራመድ አንገቱን ወደ ኋላ አጥፎ ጀርባው ላይ ያሳርፋል፤ በዚህ ከሩቅ ትለይዋለሽ። ብዙውን ጊዜ በሌሊት ስለሚመገብ ቀን ቆሞ ወይም ተኝቶ ብታይው ታሟል አትበይ። በሣሩ ሥር ጭራዋን ቀጥ እያደረገች የምትሮጥ፣ ሰው የማትፈራ ቡናማ የረግረግ ወፍም አለች፤ በመጽሐፍሽ ላይ ሩዤ ሬይል ተብላ ታገኚያታለሽ። እሷም የእኛው የደጋ ልጅ ናት።

ከረፋዱ 3 ሰዓት በኋላ ወደ ገደሉ አፋፍ ሂዱ። ፀሐይ ድንጋዩን ስታሞቀው የሞቀው አየር ወደ ላይ ይወጣል፤ ትላልቆቹ አሞሮች ክንፋቸውን ዘርግተው በዚያ አየር እየተደገፉ ይነሣሉ። ከዚያ ሰዓት በፊት ገደል ላይ ቆሞ መጠበቅ ብርድ መጠጣት ብቻ ነው። ከሁሉም ይልቅ ጺማሙን አሞራ ፈልጊ። ምግቡ አብዛኛው አጥንት ነው። ትልቅ አጥንት ሲያገኝ ይዞ ወደ ሰማይ ይወጣና ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ለቆ ይሰብረዋል፤ ወርዶም ቅልጥሙን ይበላል። የኢትዮጵያ ተራሮች በአፍሪካ ይህ አሞራ በብዛት ከተረፈባቸው ጥቂት ቦታዎች አንዱ ናቸው። በአጠገቡም ማጅራቱ ላይ ነጭ ምልክት ያለውን፣ ምንቃሩ የጎበጠና የወፈረውን ትልቁን ቁራ ታያለሽ። እሱም ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ደጋ ውጭ ቤት የለውም።

አሁን የምክሬ ዋና ወደሆነው ደርሻለሁ፤ ይህን ብቻ ብትይዥልኝ ይበቃኛል። ያየሽውን ጻፊ፤ ያላየሽውን አትጻፊ። ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ቦታውን፣ የአየሩን ሁኔታ፣ የወፎቹን ቁጥርና ሲያደርጉት የነበረውን እዚያው ቆመሽ አስፍሪ። ማታ እሳት ዳር አስታውሳለሁ አትበይ፤ ማታ የሚታወሰው ቀን ከታየው ሁልጊዜ ይበዛል። ከሩቅ ቡናማ ንስር አይተሽ ዝርያውን መለየት ካቃተሽ «ቡናማ ንስር፣ ዝርያው ያልተለየ» ብለሽ ጻፊ። ጓደኞችሽ ስም ቢሰጡትም አንቺ ካልለየሽው የእነሱን ስም በአንቺ መዝገብ አታስገቢ። ያልታወቀን አላወቅሁም ብሎ መጻፍ ለሚቀጥለው ሰው በር መክፈት ነው፤ የተሳሳተ ስም ግን በሩን ይዘጋዋል።

ለዚህ ከአገራችን የወጣ አንድ ታላቅ ምሳሌ አለ። እ.ኤ.አ. በ1990 ከካምብሪጅ የመጡ አጥኚዎች በነጭ ሣር ፓርክ ውስጥ መንገድ ላይ ከሞተች ወፍ አንድ ክንፍ አገኙ። በሌሊት እየበረሩ ነፍሳት ከሚያድኑት ወፎች ወገን ነበረች። ክንፉን ከታወቁት ዝርያዎች ሁሉ ጋር አመሳከሩ፤ ከአንዱም ጋር አልገጠመም። እ.ኤ.አ. በ1995 አዲስ ዝርያ ብለው ለዓለም ሲያሳውቁ ማስረጃቸው ያው አንድ ክንፍ ነበር። በእጃቸው ያለው ክንፍ መሆኑን አልሸሸጉም፤ የቀረውን አካል በሐሳባቸው ቀጥለው አልሳሉትም። ሳይንስ ያከበራቸው በዚህ ነው። የያዙትን ያህል ብቻ መናገር ምስክርነትን ያጸናል።

ሌላው ምሳሌ ለጓሳ ቅርብ ነው። አንኮበር የሸዋ ነገሥታት መቀመጫ በነበረበት ዘመን የውጭ መልእክተኞችና ተጓዦች ሲመላለሱበት ኖረዋል፤ ብዙዎቹም እንስሳና ዕፅዋት እየሰበሰቡ ይሄዱ ነበር። ሆኖም በዚያው በአንኮበር ገደል ላይ የምትኖረው ቡናማ፣ ዥጉርጉር፣ ትንሽ ዘር በል ወፍ ከሳይንስ መዝገብ የገባችው እ.ኤ.አ. በ1979 ነው፤ የገለጻትም ጆን አሽ የተባለው የእንግሊዝ የወፍ ሊቅ ነው። ዛሬ የአንኮበር ሴሪን ተብላ ትታወቃለች። መልኳ ዓይን አይስብም፤ ያን ሁሉ ዘመን የሰወራትም ይኸው ነው። ስለዚህ ክበባችሁ ወደ ንስሩ ሲያንጋጥጥ አንቺ አንዳንዴ ዓይንሽን ወደ እግርሽ ሥር መልሺ። ድንጋዩ መካከል የምትለቅም ትንሽ ቡናማ ወፍ ካለች እሷንም ቁጠሪ።

ልጄ፣ የአገራችን ወፎች አብዛኞቹ በመጻሕፍት የሚጠሩት የውጭ ሰዎች ባወጡላቸው ስም ነው። ትልቁን ቁራ እ.ኤ.አ. በ1836 ለሳይንስ ያስተዋወቀው የፍራንክፈርቱ ኤድዋርድ ሩፔል ነው፤ ጋጋኖንም፣ ክንፈ ሰማያዊውን ዝይም የመዘገበው እሱ ነው። ይህ ቅር አያሰኝሽ። አባቶቻችን እነዚህን ወፎች ከማንም በፊት ያውቁ ነበር፤ ሩፔል ግን ጻፈ። በኋላም ኤሚል ኧርባንና ሌስሊ ብራውን የኢትዮጵያን ወፎች ዝርዝር አዘጋጅተው እ.ኤ.አ. በ1971 በአዲስ አበባው ዩኒቨርሲቲያችን አሳተሙ። የኢትዮጵያ የዱር እንስሳትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበርም እ.ኤ.አ. ከ1966 ጀምሮ ይህን እውቀት ሲያሰባስብ ቆይቷል። ዛሬ ማስታወሻ ደብተሩ በአንቺና በእኩዮችሽ እጅ ነው። ከ850 በላይ የወፍ ዝርያ ያለው አገር ልጅ ሆኖ ስለ ወፎቹ ከሌላ ሰው ብቻ መስማት አይገባም።

ቁጥር ምን ያደርጋል የሚልሽ ሰው ካለ የሕንድን ታሪክ ንገሪው። ቪቡ ፕራካሽ የተባለ ተመራማሪ በራጃስታን በሚገኘው የኬኦላዴኦ ፓርክ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ጥንብ አንሣዎችን ቆጥሮ መዝግቦ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻ ተመልሶ ሲቆጥር ወፎቹ በየዛፉ ሞተው፣ ጎጆዎቹም ባዶ ሆነው አገኛቸው። የመጀመሪያው ቁጥር ባይኖር ኖሮ የሁለተኛውን አስደንጋጭነት ማንም አያምነውም ነበር። በየቦታው ፍለጋ ተጀመረ፤ እ.ኤ.አ. በ2004 ምክንያቱ ተገኘ። ለከብት ሕመም ማስታገሻ የሚሰጥ ዳይክሎፌናክ የሚባል መድኃኒት ነበር። መድኃኒቱን ወስዶ የሞተ ከብት የበላ ጥንብ አንሣ ኩላሊቱ ይበላሽና ይሞታል። ሦስት ዝርያዎች በክፍለ አህጉሩ ከመቶ 95 እጅ በላይ ካለቁ በኋላ ሕንድ፣ ኔፓልና ፓኪስታን መድኃኒቱ ለከብት እንዳይሰጥ እ.ኤ.አ. በ2006 ከለከሉ። ለዚያ ሁሉ መነሻው በተራ ቀን የተጻፈ ተራ ቁጥር ነበር።

የእኛም ጥንብ አንሣዎች ደህና አይደሉም። የሩፔል ጥንብ አንሣ የሚባለው በከፍታ በመብረር ከወፍ ሁሉ የታወቀ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1973 አንዱ በአይቮሪ ኮስት ሰማይ ላይ 11,300 ሜትር ከፍታ ላይ ከአውሮፕላን ጋር ተጋጭቷል። እንዲህ ያለው ወፍ እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ በዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት መዝገብ ለመጥፋት እጅግ ከተቃረቡት ተርታ ገብቷል። በአፍሪካ ዋናው ገዳያቸው መርዝ ነው። ጅብ ወይም የባዘነ ውሻ ለመግደል በተመረዘ አንድ ሬሳ ላይ ብዙ አሞራ ይሰበሰባል፤ ሁሉም በአንድ ቀን ይረግፋል። ጥንብ አንሣ የሚፈለፍለው በዓመት አንድ ጫጩት ስለሆነ ያ ጥፋት በቶሎ አይተካም። በጓሳ ሰማይ ላይ ጥንብ አንሣ ካያችሁ ስንት እንደሆኑ ቆጥራችሁ ጻፉ፤ አንድም ካላያችሁ «አልታየም» ብላችሁ ጻፉ። አለመታየትም ማስረጃ ነው።

በዚህ ወቅት ከሩቅ የመጡ እንግዶችም ታያላችሁ። የእኛ በጋ የእነሱ ክረምት ነው፤ አገራቸው በበረዶ ሲሸፈን ወደ እኛ ይወርዳሉ። የስቴፕ ንስር ከካዛኪስታን ሜዳዎች ተነሥቶ፣ የዓረብን ምድር አቋርጦ፣ በባብ ኤል መንደብ ጠባብ ባሕር ተሻግሮ ይመጣል። ትልቅ ንስር ባሕር ላይ የሚያነሣው ሞቃት አየር ስለማያገኝ ሰፊውን ውኃ ሸሽቶ በጠባቡ ያልፋል። እሱም እ.ኤ.አ. በ2015 ለመጥፋት ከተቃረቡት ጋር ተቆጥሯል። በሌላ አገር የተወለደ ወፍ በእኛ ደጋ ሲከርም የመጠበቁ አደራ ለእነዚህ ወራት የእኛ ነው። ካዛኪስታን ያለው አጥኚ ወፎቹ ክረምቱን እንዴት እንዳሳለፉ የሚያውቀው እንደ አንቺ ካለ ሰው መዝገብ ነው።

ምስክር የሚመሰክርለትን አይጎዳም። ስለዚህ ወፍ እንድትወጣላችሁ ብላችሁ በስልክ የተቀዳ ድምፅ አታጫውቱ፤ ባላንጣ የመጣባት መስሏት መብላቷን ትታ ስትደክም ትውላለች። ወደ ገደል ጎጆ አትጠጉ። ጺማሙ አሞራ በእኛ አገር እንቁላል የሚጥለው በበጋው ወራት ነው፤ ከእንቁላሉ ላይ ብታስነሡት በዚያ ብርድ እንቁላሉ ይቀዘቅዛል። ለአንድ ፎቶግራፍ ተብሎ የዓመት ልጅ አይጠፋም። ውሻ ይዞ የሚመጣ ሰው ካለ በትሕትና አስመልሱት፤ የእብድ ውሻ በሽታ ቀይ ቀበሮን ከሚጨርሱት ነገሮች አንዱ ነው። ለማገዶ ብላችሁ አስታም ሆነ ጅብራ አትቁረጡ። ያመጣችሁትን ላስቲክ ሁሉ ይዛችሁ ተመለሱ።

ከወፎቹ እኩል ልብሽን የምትሰጪው ለጓሳ ሰው ነው። ያ ደጋ ሳይታረስ እስከ ዛሬ የቆየው በአጋጣሚ እንዳይመስልሽ። ከ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ የመንዝ ሰዎች ቄሮ በሚባል ሥርዓት በአጽመ ርስት ይዘው ሲጠብቁት ኖረዋል። በምርጫ የሚሾም አለቃ ነበራቸው፤ ሜዳው ለተከታታይ ዓመታት ለግጦሽም ለአጨዳም ይዘጋ ነበር፤ ሣሩ ሲጎለምስ በደንቡ መሠረት ይከፈት ነበር። ሣሩ የቤት ክዳን፣ ገመድና የዝናብ ገሳ ስለሚሆን የሕይወታቸው ምሰሶ ነበር። የ1967ቱ የመሬት አዋጅ የቀድሞውን ሥርዓት ሲያፈርሰው ሜዳው ለጊዜው ጠባቂ አልባ ሆነ፤ ሕዝቡ ግን በኮሚቴ ተደራጅቶ መልሶ ጥበቃውን ያዘ፤ ዛሬም የማኅበረሰብ ጥብቅ ቦታ ተብሎ በሕግ ታውቋል። አንቺ የምታይው ዝይና ቀበሮ ያለው የእነዚህ ሰዎች አያቶች እጃቸውን ስለሰበሰቡ ነው።

ስለዚህ መንገዱ ሰላም መሆኑን፣ የት ማደር እንደሚቻል፣ የትኛው ሜዳ ዝግ እንደሆነ የአገሩን ሰው ሳትጠይቁ አትነሡ። መሪ ውሰዱ፤ ዋጋውን ሳትከራከሩ ክፈሉ። ስትደርሱ ሰላምታ ስጡ፤ ሽማግሌ ሲያልፍ ባይኖኩላርሽን አውርደሽ ከተቀመጥሽበት ተነሺ። ባይኖኩላሩን ወደ ሰው ቤትና ወደ ውኃ የሚቀዱ ሴቶች አታዙሪ። እሑድ ጠዋት ሰው ቤተ ክርስቲያን ነው፤ ጓዝ ተሸከሙልን ብላችሁ አታስቸግሩ። እረኛ ልጅ አጠገባችሁ ከቆመ አታባርሩት፤ ባይኖኩላሩን ስጪውና እሱ የሚያውቀውን ጠይቂው። ጋጋኖ የት እንደሚያድር፣ አሞራው አጥንት የሚጥልበት ድንጋይ የቱ እንደሆነ ከመጽሐፍሽ ይልቅ እሱ ያውቃል። የነገረሽንም ከእረኛ የተገኘ ብለሽ መዝግቢ፤ የሌላውን ምስክርነት የራስ ማስመሰል ነውር ነው።

ከጓደኞችሽ ጋር በፍቅር ሁኚ። በእንዲህ ያለ ክበብ ውስጥ ማን ብዙ ዝርያ አየ የሚል ፉክክር ይነሣል። አንቺ አትግቢበት። ዝርዝሩን ለማብዛት የሚሮጥ ሰው ሳያየው ያየ ይመስለዋል። ቴሌስኮፑ ላይ ዓይንሽን ከጣልሽ በኋላ ወዲያው ለሚቀጥለው ልቀቂ። የደከመ አዛውንት ካለ ከእሱ ጋር ወደ ኋላ ቅሪ፤ ቀስ ብሎ የሚሄድ ብዙ ያያል። የወፉን ስም ተሳስቶ የጠራ ጀማሪ ካለ በሰው ፊት አታሳፍሪው፤ ወደ ጎን ወስደሽ ምልክቱን አሳዪው። አንቺም ስትታረሚ አመስግኚ።

ስትመለሺ ሥራሽ አያልቅም። ማስታወሻሽን በማግሥቱ ገልብጠሽ ለክበባችሁ መዝገብ አስረክቢ፤ የኮርኔል ዩኒቨርሲቲ የወፍ ጥናት ማዕከል በሚያስተዳድረው ኢበርድ በሚባለው የድረ ገጽ መዝገብ ላይም አስገቢው፤ በዓለም ያሉ አጥኚዎች ሁሉ ያገኙታል። ለጓሳ ጠባቂዎችም አንድ ቅጂ በአማርኛ ላኪላቸው፤ የጠበቁት ምን እንደያዘ ማወቅ መብታቸው ነው። ከቻልሽ አንድ ትምህርት ቤት ሄደሽ ለልጆች ተናገሪ። አዲስ አበባ ውስጥ የሚያድግ ልጅ ክንፈ ሰማያዊ ዝይ የሚባል የአገሩ ወፍ መኖሩን ካልሰማ ሲጠፋ አያዝንም። የማያውቁት አገር አይናፍቅም።

ልጄ፣ በሙያሽ ብዙ ቦታ ትደርሺ ይሆናል፤ ብዙ ሰውም ያላየውን እንዳየ አድርጎ ሲናገር ትሰሚያለሽ። በዚህ ዘመን ወሬ ከዓይን ቀድሞ ይሮጣል። ብርድ ላይ ቆመሽ አንድን ወፍ በትክክል ለማወቅ የምትታገይበት ሰዓት ለሌላው ኑሮሽም ያለማምድሻል። ወፍ ላይ የማይዋሽ ሰው ሚዛን ላይ፣ ወንበር ላይ፣ ትዳር ላይም ለመዋሸት ይከብደዋል።

እግዚአብሔር በሰላም ያውጣሽ፣ በሰላም ይመልስሽ። ያየሽውን ሁሉ ያለ ፍርሃት መስክሪ፤ ላላየሽው ግን አፍሽን ዝጊ። ስትመለሺ ቤት ሳትገቢ አትለፊ፤ ማስታወሻሽን ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው አብረን እናነበዋለን።

አባትሽ